ሙያን በውሎው መምረጥ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከቃሊቲ፣ ከለገጣፎና ከሱሉልታ ዘወትር የሚነሡ ናቸው። የሚጠይቁትም ሥራ ፈላጊዎች ብቻ አይደሉም፤ ሥራ ይዘው ልባቸው ያላረፈ ሰዎች፣ ልጃቸውን ወዴት እንደሚመሩት ግራ የገባቸው ወላጆችም አሉ። በመልሶቹ ውስጥ ያለው የብር ስሌት ለማሳያ የቀረበ ነው፤ የራስዎን ቁጥር አስገብተው ይሥሩት።

ደስ የሚለኝን ሙያ እንዴት ነው የማውቀው? ስለ ራሴ ሳስብ ምንም አይመጣልኝም።

ባይመጣልዎት አይገርምም። ቀምሰን የማናውቀውን ምግብ እንወደው እንደሆነ ቁጭ ብለን በማሰብ አንደርስበትም፤ ሙያም እንደዚያው ነው። ሙያን በስሙ ሳይሆን በውሎው ይምረጡ። «ነርስ» ስም ነው፤ ውሎው ግን የሌሊት ፈረቃ፣ ቆሞ መዋል፣ የተጨነቀ አስታማሚ ማረጋጋት፣ የተሰጠውን መድኃኒት በሰዓቱ መመዝገብ ነው። «አካውንታንት» ስም ነው፤ ውሎው ደረሰኝ ማመሳከርና ወር ማለቂያ ላይ ማምሸት ነው። ስሙን ወደው ውሎውን የማይችሉት አሉ፤ ስሙን ንቀው ከገቡበት በኋላ ልባቸው የሚያርፍም አሉ።

አንድን ውሎ በሦስት ነገር መመዘን ይቻላል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራየን የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ካጠኑ በኋላ እንዳስቀመጡት፣ ሰው በሚሠራው ነገር የሚበረታው በራሱ የሚወስነው ነገር ሲኖረው፣ ችሎታው እያደገ ሲሄድና ከሰው ጋር ሲተሳሰር ነው። ሦስቱም እኩል ሞልተው የሚገኙበት ሥራ ብዙ የለም። ሦስቱም የሌሉበት ግን ደሞዙ ምንም ቢሆን ሰውን ያደርቃል።

ውሎውን ለማየት በተግባር ምን ላድርግ?

በዚያ ሙያ ውስጥ ሦስት ሰው ይፈልጉ። አንዱ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው፣ ሁለተኛው አምስት ዓመት አካባቢ የሠራ፣ ሦስተኛው ትቶት የወጣ ይሁን። ትቶ የወጣውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ትልቁን ነገር የሚነግርዎት ግን እሱ ነው። አለቃን ወይም ባለቤትን ብቻ መጠየቅ አይበቃም፤ እነሱ ሥራውን የሚያዩት ከላይ ሆነው ነው። «ሥራህን ትወደዋለህ?» የሚለው ጥያቄም አያዋጣም፤ ሰው ለእንግዳ የሚመልሰው «ተመስገን» ብሎ ነው። ይልቅ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ትናንት እንደገባህ መጀመሪያ ምን አደረግህ? ከዚያስ? የትኛው ሰዓት ሳታውቀው አለፈ? የትኛውስ አልገፋ አለህ? ዘንድሮ የምትችለው፣ አምና ያልቻልከው ምንድን ነው?

ከዚያ ግማሽ ቀን አብረው ይዋሉ። የሴራሚክ ንጣፍ ሥራን እንውሰድ፤ በኮዬ ፈጬና በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች በየብሎኩ የሚገኝ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወለሉ ይጠረጋል፣ ውሃ ልክ ይወጣል፣ ክር ይወጠራል። የመጀመሪያው ረድፍ ከተዛባ ስህተቱ እስከ በሩ ድረስ እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ባለሙያው አንዷን ሴራሚክ ሦስት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ጊዜ ይመልሳታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን በጉልበት መንበርከክ ነው፤ ሴራሚክ ሲቆረጥ አቧራው ዓይንና አፍንጫ ይሞላል። ማታ ግን ጠዋት ሻካራ ሲሚንቶ የነበረው ክፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለሙያው ሴራሚኳን ሲያነሣ ሲመልስ «ኧረ ይበቃል» ካሉ አንድ ነገር ተምረዋል፤ «ትንሽ ወደ ግራ» ማለት ካማረዎት ደግሞ ሌላ ነገር ተምረዋል። ያዩትን ሳያድር በደብተር ይጻፉት። ካደረ የሚቀረው ድካሙ ወይም ደስታው ብቻ ነው፣ ዝርዝሩ ይጠፋል።

ሩቅ ሆኖ ደሞዙ የተሻለ ሥራና ቅርብ ሆኖ ደሞዙ ያነሰ ሥራ አግኝቻለሁ። የቱን ልያዝ?

ዳር ለሚኖር ሰው መንገዱም የሥራው አካል ነው፤ ስለዚህ በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ታክስና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ እጅ ከሚገባው ይጀምሩ፤ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ያልተጣራው ነው።

ለምሳሌ ከቱሉ ዲምቱ ሜክሲኮ ድረስ ለሚያስኬድ ሥራ ተጣርቶ 12,000 ብር ይከፈላል እንበል። በወር 26 ቀን ይሠራል። ለታክሲ በቀን 90 ብር ቢወጣ 2,340 ይሆናል፤ የሚተርፈው 9,660 ነው። ሰዓቱስ? ሥራው ከምሳ ጋር 9 ሰዓት፣ ሰልፉና መንገዱ ደርሶ መልስ 3 ሰዓት ተኩል፤ በቀን 12 ሰዓት ተኩል፣ በወር 325 ሰዓት። 9,660ን ለ325 ሲያካፍሉ በሰዓት 29 ብር ከ72 ሳንቲም ይመጣል። አሁን ገላን ውስጥ ተጣርቶ 9,500 ብር የሚከፍል ሥራ ይኑር። ለባጃጅ በቀን 20 ብር፣ በወር 520 ቢወጣ 8,980 ይተርፋል። መንገዱ ደርሶ መልስ 45 ደቂቃ ከሆነ ቀኑ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ወሩ 253 ሰዓት ተኩል ነው። በሰዓት 35 ብር ከ42 ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። ትልቁ ደሞዝ በሰዓት ሲመነዘር አነሰ።

መንገድ ከብርም በላይ ያስከፍላል። አሎይስ ሽቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጀርመን ወደ ሥራ ለመድረስ ረጅም ሰዓት የሚጓዙ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል፤ ደሞዝ ወይም ቤት ጉዳቱን ያካክስላቸዋል ተብሎ ይጠበቅ የነበረ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አላካካሰላቸውም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ የያዘ ሰው ይህን ጥናት ሳያነብም ያውቀዋል።

ሩቁ ሥራ የሚመረጥበት ጊዜ ግን አለ። እዚያ የሚማሩት ሙያ በአካባቢዎ ከሌለ፣ የጊዜ ገደብ አድርገው ይያዙት፤ «18 ወር ሠርቼ ይህን ይህን ችዬ እመለሳለሁ» ብለው ቀኑን ይጻፉ። ገደብ ያልተደረገለት መንገድ ዓመታት ይበላል። ድርጅቱ ሰርቪስ ካለው ደግሞ «ሰርቪስ አለ» የሚለውን ብቻ ሰምተው አይለፉ፤ የት እንደሚያነሣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ትርፍ ሰዓት ሲሠራ የማታው ሰርቪስ ይጠብቅ እንደሆነ ይጠይቁ። በሸገር ከተማ ሥር ባሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ መሆኑንም አይርሱ። ቋንቋውን አቀላጥፎ የሚናገር የዳር ነዋሪ በአቅራቢያው የሚያገኘው ምርጫ ይሰፋለታል።

ደሞዜ ደህና ነው፤ ታዲያ ለምን ይከፋኛል?

ደሞዝ ሲያንስ ያስከፋል፤ ሲሞላ ግን ማስከፋቱ ይቀራል እንጂ በራሱ አያስደስትም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ያነሣው ሐሳብ ይኸው ነው፦ የሚያስከፉን ነገሮችና የሚያረኩን ነገሮች ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ናቸው። ክፍያ፣ አለቃ፣ የሥራ ቦታ ሁኔታ በመጀመሪያው ይገባሉ፤ ውጤት ማየት፣ ኃላፊነት፣ ማደግ በሁለተኛው። ስለዚህ ጭማሪ ከመጠየቅዎ በፊት የጎደለው ከየትኛው ዝርዝር እንደሆነ ይለዩ። ከሁለተኛው ከሆነ ጭማሪው ሁለት ወር ደስ ያሰኝዎታል፣ ከዚያ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ።

ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ስፌት። እዚህ ውስጥ ምን እርካታ አለ?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ በባዶ ማጽናኛም አይመለስም። በላይን ሥራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሰው የልብሱን አንድ ክፍል ብቻ ሰፍቶ ለቀጣዩ በሚያስተላልፍበት አሠራር፣ ኮሌታ የሚሰፋ ሰው በቀን መቶዎች ኮሌታ በእጁ ያልፋሉ፣ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ግን አይሠራም። ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም በ1976 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ ሥራን ትርጉም የሚሰጡት አምስት ነገሮች ናቸው፦ የችሎታ ዓይነት መብዛት፣ አንድን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ መሥራት፣ ሥራው ለሌላ ሰው መጥቀሙ፣ በራስ መወሰን፣ ውጤትን ማወቅ። የላይን ሥራ አምስቱንም ያሳንሳል። ድካሙ የእርስዎ ስንፍና አይደለም፤ ሥራው የተቆራረጠው እንዲህ ሆኖ ነው። ቢሆንም ሠራተኛው ራሱ የሚያስፋው ቀዳዳ አለ።

ውጤትን ከማወቅ ይጀምሩ፤ ማንንም ማስፈቀድ አይፈልግም። በትንሽ ወረቀት ላይ በየሰዓቱ የጨረሱትንና ተመላሽ የሆነብዎትን ይመዝግቡ፤ ተመላሹ አጠገብ ምክንያቱን ይጻፉ። ስፌት ዘለለ? ብዙ ጊዜ መርፌው ጎብጧል፣ ደንዟል ወይም እስከ ላይ ድረስ በደንብ አልገባም። ክር እየተበጠሰ ነው? የክሩ ውጥረት በዝቷል። ጨርቁ ተሸበሸበ? አሁንም ውጥረቱን ይዩ። ሁለት ሳምንት ከመዘገቡ ከመካኒኩ በፊት ችግሩን የሚያውቁት እርስዎ ይሆናሉ፤ ያ ቀን ከሌላው ቀን ይለያል።

ቀጥሎ ሁለተኛ ማሽን ይልመዱ። ባለ አንድ መርፌ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ኦቨርሎክ፣ ማለትም የጨርቁን ጠርዝ እየከረከመ የሚሰፋው ማሽን፣ ይሁን። ጀማሪን የሚያስለቅሰው ክር ማስገባቱ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ስለማያውቁት እንጂ ከባድ ሆኖ አይደለም። የታችኞቹ ክሮች ቀድመው ይገባሉ፣ የመርፌው ክር መጨረሻ። ከተገላበጠ ክሩ ይጠላለፍና ገና ሲጀምር ይበጠሳል። በምሳ ሰዓት አሥር አሥር ደቂቃ፣ የማሽኑን ባለቤት አስፈቅደው፣ ማሽኑን አጥፍተው ይለማመዱ።

ሁለት ማሽን ከቻሉ በኋላ ነው ሱፐርቫይዘሩን የሚያነጋግሩት። የሚበላሸው አጠያየቁ ላይ ነው፦ ታርጌት በሚያስጨንቅበት ሰዓት፣ በሰው ፊት፣ «ሰለቸኝ» ብሎ መጠየቅ። ፈረቃው ሲያልቅ፣ ለብቻው፣ ወረቀትዎን ይዘው «ኦቨርሎክ እችላለሁ፤ ሰው ሲቀር ተክቼ ልሥራ» ይበሉት። ይህ ለእሱም ችግር መፍቻ ነው፤ አንድ ሰው ሲቀር ላይኑ ይቆምበታልና። ብዙ ማሽን የሚችል ሰው ወደ ናሙና ክፍል የመሄድ ዕድሉ ይሰፋል፤ እዚያ አንድ ሰው ሙሉ ልብሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰፋል። ጥራት ቁጥጥርና የማሽን ጥገናም ሌሎች በሮች ናቸው። ስድስት ወር ሞክረው አንዱም ካልተከፈተ፣ ችሎታውን ይዘው ወደ ሌላ ፋብሪካ ወይም ወደ ሰፈር ልብስ ስፌት መሄድ ይችላሉ፤ ጊዜው አልባከነም።

ያልመረጥኩት ትምህርት ክፍል ተመደብኩ። ልተወው?

ምደባ የሚወሰነው በውጤትና በቦታ ብዛት ነው፤ ስለ እርስዎ የተሰጠ ፍርድ አድርገው አይውሰዱት። ትምህርት ክፍሉና ሥራው አንድ አይደሉም። ጂኦሎጂ የተማረ ሰው የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ፣ መንገድ ሥራ ላይ፣ ሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ ላይ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሊሠራ ይችላል፤ አራቱ ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ውሎዎች ናቸው። ከጋዜጣና ከቴሌግራም የትምህርት ክፍልዎን ስም የሚጠቅሱ 10 የቅጥር ማስታወቂያዎች ሰብስበው «ተግባርና ኃላፊነት» የሚለውን ክፍል ብቻ ያንብቡ። ከአሥሩ አንድም ውሎውን ማየት የሚያጓጓዎት ከሌለ መቀየር ያስቡ። ዝም ብለው ግን አይቅሩ። መጀመሪያ ሬጅስትራር ሄደው የትምህርት ክፍል መቀየሪያ ጊዜውን ይጠይቁ፤ የሚያቋርጡም ከሆነ የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልተው ይውጡ። ሳይሞሉ የቀሩ ሲመለሱ በሩ ይጠብባቸዋል።

ቴክኒክና ሙያ ልገባ ነው፤ ቤተሰቤ ግን «ወደቀ» ይላል።

የቤተሰብ ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነውና በክርክር አይረታም፤ በሚታይ ነገር ግን ይለዝባል። በሚማሩበት ሙያ ከሚሠሩ ሰዎች አንዱን፣ በተለይ በዕድሜ ከፍ ያለና በሰፈሩ የተከበረ ባለሙያ፣ ቤት ጋብዘው ስለ ሥራው ያውራላቸው። ቤት ውስጥ የተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ ወይም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ፣ አሠልጣኝ የፈቀደልዎት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ይጠግኑት።

ለእርካታዎ ወሳኙ ትብብር ሥልጠና የሚባለው፣ በድርጅት ውስጥ የሚሠለጥኑበት ጊዜ ነው። ብዙ ሠልጣኝ እዚያ ሻይ ሲያመላልስ ይከርማል። የሚሄዱበትን ድርጅት አስቀድመው ይዩ፣ ከማን ጋር እንደሚሠሩ ይጠይቁ፣ በየሳምንቱ አንድ አዲስ ሥራ በእጅዎ መሥራትዎን ይመዝግቡ። ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና ላይ ንድፈ ሐሳቡን አልፎ በተግባሩ የሚወድቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያውን በሰዓት ተገድቦ ሠርቶበት የማያውቅ ነው። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ መጀመር፣ የሥራ ትእዛዙን እስከ መጨረሻ ሳያነቡ መቁረጥም ነጥብ ያስጥላል።

መልቀቅ እንዳለብኝ በምን አውቃለሁ?

አራት ሳምንት፣ ሁልጊዜ ማታ፣ የቀኑን ክፉ ሰዓት በአንድ ፊደል ይመዝግቡ። ድ ለድካም፣ ሰ ለሰው፣ መ ለመንገድ፣ ሥ ለሥራው ለራሱ። መጨረሻ ላይ ይቁጠሩ። «መ» ከበዛ ሙያው አልበደለዎትም፤ ቤት ወይም ቀጣሪ ነው የሚቀየረው። «ሰ» ከበዛ ክፍል መቀየርን ይሞክሩ። «ድ» ከበዛ ሰዓትዎን ከሕጉ ጋር ያነጻጽሩ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለዎት። አርፈው ተመልሰው ልብዎ ከተከፈተ የታመመው ሰዓቱ ነበር። «ሥ» ከበዛ ነው የሙያ ለውጥ የሚታሰበው።

ሲለቁ በሥርዓት ይልቀቁ። የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ መውጣት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፣ ኮፒው ላይ ተቀባዩ ይፈርምልዎት። ሳያስታውቅ የቀረ ሠራተኛ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ የማግኘት መብት አለዎት፤ ሳይወጡ በፊት ይጠይቁ። የሦስት ወር ወጪ ካልተቀመጠ አይቸኩሉ። ዕቁብ አስቀድመው በልተው ከሆነ ደግሞ ቀሪውን መዋጮ ከዚያ ወጪ ላይ ይደምሩት። ይህን የሚዘነጉ ብዙ ናቸው፤ ከሥራ በወጡ በወሩ የዕቁቡ ዳኛ ይደውላል።

ተቀጥሮ መሥራት አልወድም። ዶሮ ወይም ወተት ልጀምር?

በራስ መወሰን ትልቅ ደስታ ነው፤ ዶሮና ላም ግን ከማንኛውም አለቃ የበለጠ ሰዓት ያስከብራሉ። ላም በቀን ሁለት ጊዜ ትታለባለች፣ ለእንቁጣጣሽም ለለቅሶም አይቀርም። ጫጩት አስገብተው ለእንቁላል ካሳደጉ እስከ አምስት ወር ገደማ መኖ እየበሉ ገቢ አይሰጡም፤ አብዛኛው ጀማሪ ገንዘብ የሚያልቅበት አራተኛው ወር ላይ ነው። ገበያውም የጾም ገበያ ነው። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የወተትና የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል፣ ለፋሲካ ይመለሳል። ስለዚህ ከመጀመርዎ በፊት አንድ ወር ሱሉልታ ወይም ሰፈርዎ ካለ አርቢ ጋር ጠዋት ጠዋት ይሥሩ። ሽታውን፣ ሰዓቱንና በሽታ ሲገባ የሚመጣውን ጭንቀት ካዩ በኋላም ከፈለጉት፣ ያኔ ይጀምሩ።

ዕድሜዬ 40 ነው። አልረፈደም?

ጡረታ መውጫው 60 ነው፤ 20 ዓመት አለዎት። ልዩነቱ እንደ 20 ዓመት ልጅ ከባዶ አለመጀመርዎ ነው። የሚያውቁትን ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሂዱ፦ ሾፌር የነበረ ወደ ስምሪት፣ መምህር ወደ ሠልጣኝ ማሠልጠን፣ ግንበኛ ወደ ሥራ ተቆጣጣሪነት። ቤተሰብ ስለሚያስተዳድሩ አዲሱን ሥራ በመጀመሪያ በቅዳሜና እሑድ ይሞክሩት።

ምንም ሥራ ቢሆን ደስ አይለኝም።

ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ፣ ምግብና ቀድሞ የሚወዱት ነገር ሁሉ ከጠፋብዎት ይህ የሙያ ምርጫ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱና ይንገሯቸው፤ ድብርት ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ሞትን እስከ መመኘት ከደረሱ ዛሬውኑ ለቅርብ ሰው ይናገሩና አብረው ይሂዱ።

ልጄ 10ኛ ክፍል ነው። እንዴት ልምራው?

«ምን መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለውን ጥያቄ ትንሽ ያቆዩት። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ በሁለት የተለያዩ ሙያዎች ሁለት ሁለት ሳምንት እንዲውል ያድርጉ፣ አንዱ በእጅ የሚሠራ፣ አንዱ ከሰው ጋር የሚያገናኝ። ፋርማሲ፣ ጋራዥ፣ የሰፈር ስቱዲዮ፣ እንጨት ቤት ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ወይም እንጨት ቤት ከሆነ ማሽን እንዳይነካ ከባለሙያው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ማታ ሲመለስ «ወደድከው?» አይበሉት፤ «ዛሬ ምን አየህ?» ይበሉትና ሳያቋርጡ ይስሙት። ምሳውን ቋጥሮ፣ ሊቆሽሽ የሚችል ልብስ ለብሶ ይሂድ።